የአባቴ እግርና የፍሬኑ ስዊች

አባቴ መንጃ ፈቃድ ያወጡት ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። በስንተኛው ፈተና እንዳለፉ እሳቸው አይናገሩም፣ እኛም አንጠይቅም። ከጎንደር ገጠር ተነስተው በሱዳን በኩል ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው የተጓዙ ሰው ስለሆኑ ነው መሰለኝ፣ መሪ ከጨበጡ ወዲህ እስከ ጥግ ሱቅ እንኳ በእግር መሄድ ቀረ። እናቴ በሕይወት ሳለች «ሰውየው ከመኪናው ጋር ተጋባ» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ ውስጥ፣ እኛ ባለንበት በሮቫ ዩድ ሰፈር፣ የእሳቸው እኩዮች አብዛኞቹ አይነዱም። ስለዚህ ሌላ ከተማ ለቅሶ ሲኖር ነጠላ ያጣፉ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች በጠዋት ከአባቴ ሕንፃ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። አባቴ የመኪናዋን መስታወት ወልውለው ያስገቧቸዋል፤ ማን ከፊት እንደሚቀመጥ ሲግደረደሩ አስር ደቂቃ ይሄዳል። በእኛ ዘንድ ለቅሶ መድረስ ቀልድ አይደለም። የቀረ ሰው ስሙ ይነሳል፣ ሌላውን ያደረሰ ደግሞ ይመረቃል። አባቴ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሥራቸው ይሄ ሆነ፤ ደግሞም ይወዱት ነበር።

ባለፈው ክረምት መኪናዋ መለገም ጀመረች። ከቆመችበት ስትነሳ ወይም ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጧት ሞተሩ ጉልበቱን ይነጠቃል፣ መኪናዋ ባለችበት ትንገዳገዳለች፣ ከዚያ ድንገት ተስፈንጥራ ትሄዳለች። ሁልጊዜ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ሦስት ቀን ደህና ሰንብታ በአራተኛው ቀን ትለግማለች።

ከእኔ በሦስት ዓመት የምትበልጠው እህቴ አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ሳለ መኪናዋ አውራ ጎዳናው መግቢያ ላይ ለገመች። ከኋላ ይመጣ የነበረ ከባድ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ በጎናቸው ለጥቂት አለፈ። እህቴ ያንኑ ቀን ደወለችልኝ።

«አባ አርጅተዋል» አለችኝ። «እኔ ልነግራቸው አልችልም። ወንዱ ልጅ አንተ ነህ፣ አንተ ንገራቸው።»

ወንዱ ልጅ እኔ ነኝ፤ ግን እኔም አልነገርኳቸውም። በቅድሚያ ሙሳክ፣ ማለትም ጋራዥ፣ እንውሰዳት አልኩ። አባቴ ነዱ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ቤት ውስጥ አባቴ የሚቀመጡባት ወንበር አለች፤ እሳቸው ባይኖሩም ማንም አይቀመጥባትም። የመኪናዋም የሾፌር ወንበር እንደዚያው ነበር። ክልክል ነው ያለን ሰው የለም፣ እንዲሁ አይደረግም። እኔ ከአስራ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ እነዳለሁ፤ የአባቴን መኪና ግን አንድም ቀን ነድቼ አላውቅም ነበር። እሳቸው ቆመው እያሉ «እስኪ እኔ ልንዳት» ማለት «እርስዎ አይችሉም» ማለት ይመስለኝ ነበር።

መካኒኩ ኮምፒውተሩን ከመኪናዋ ጋር አገናኝቶ ጥቂት ካነበበ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ አለ። በዕብራይስጥ ነበር የምናወራው።

«ኮምፒውተሩ የሚለው ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ እየተረገጡ ነው» አለኝ። «ማነው የሚነዳት?»

በዓይኔ አባቴን አሳየሁት። አባቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጎማው ክምር አጠገብ ቆመዋል።

«አሃ፣ ሽማግሌዎች ያደርጉታል፤ አንዱን እግር እዚህ፣ ሌላውን እዚያ» አለ። ከዚያ ጨረሰ ስል መለስ ብሎ «አንተ ስትነዳትስ ትለግማለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አትለግምም» አልኩት።

ነድቼያት አላውቅም ማለት አፈርኩ። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ያውም ወደብ ላይ የክሬን ኤሌክትሪክ የሚጠግን ሰው፣ የአባቱን መኪና አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሞክር ጋራዥ አመጣ እንዳይባል። መካኒኩ ከዚህ በኋላ ምን ይመርምር? መኪናዋ ምንም የላትም ብሎ ሸኘን። አባቴ ዕብራይስጥ ብዙ አይናገሩ እንጂ ይሰማሉ። ስንመለስ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ ነዱ።

እኔና እህቴ ሳምንት ሙሉ በስልክ ተመካከርን። አባትን ፊት ለፊት «ከእንግዲህ አይነዱም» የሚል አፍ ሁለታችንም የለንም። ስለዚህ እንደ ደንባችን ሽማግሌ ላክን። ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ነው፣ ወይም የተጣላ ለማስታረቅ፤ እኛ ለመኪና ቁልፍ ላክን። የመረጥኳቸው ሁለቱም ሰዎች ያችን መኪና ከእኔ የበለጠ የተሳፈሩባት ናቸው።

«አንተ ራስህ ብትነግረው አይሻልም?» አሉኝ አንደኛው።

«አልችልም፣ አባባ» አልኳቸው።

ሁለቱም ማልደው አባቴ ቤት ሄዱ። እኔ በራፉ ላይ ቀረሁ። አባቴ ወንበር ቢስቡላቸው ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። ትልቁ ሽማግሌ «ልጆችህ ስለሚወዱህ ነው የላኩን» ብለው ጀመሩ። ዕድሜ ማንንም እንደማይምር፣ እግርም እንደሚደክም፣ መንገዱም ክፉ እንደሆነ ቀስ አድርገው ተናገሩ። አባቴ አልጠየቁም፣ አልተከራከሩም። ከኮታቸው ኪስ ቁልፉን አውጥተው ለሽማግሌው ሰጡ።

«እናንተን አቁሜ እንቢ አልልም» አሉ። «አሁን ተቀመጡ።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ያለ ንትርክ አለቀ ብዬ ለእህቴ ከደረጃው ላይ ደወልኩላት። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ቁልፉን በእጄ አኖሩት፤ ፊቴን ግን አላዩኝም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ክርያት ጋት ይኖሩ የነበሩት ወዳጃቸው አረፉ። ወዳጃቸው ስል ነገሩን አሳንሼዋለሁ። አንድ መንደር ያደጉ ናቸው፣ ሱዳን ድረስ ጎን ለጎን የተጓዙ ናቸው። እኔ ያኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ሁለቱ እየተቀባበሉ በትከሻቸው ተሸክመው ነው ያሻገሩኝ። የማስታውሰው የሰውየውን ጆሮ ነው። እንዳልወድቅ እይዘው ነበር።

እዚህ አገር ቀብር አይቆይም፤ ጠዋት ያረፈ ከሰዓት ይቀበራል። አባቴ ስድስት ጊዜ ደወሉልኝ። እኔ ክሬን ላይ ነበርኩ፤ ስልክ ይዘን አንወጣም፣ ታች ሳጥን ውስጥ ነው የምንተወው። እህቴም ከሕፃናት ጋር ስለምትሠራ ስልኳ ዝግ ነበር። አባቴ በከተማ አውቶቡስ እስከ ከተማው መሀል፣ ሃኪርያ፣ ሄዱ፣ ከዚያ ሌላ ያዙ፣ ከዚያም ሌላ። እኔ ከሥራ ወርጄ ጥሪውን ሳይ ቀኑ ሊመሽ ነው።

«አባ፣ የት ነዎት?»

«መቃብሩ ጋ።»

«ቀብሩ አለቀ?»

«ስደርስ አልቆ ነበር። ሰዉም ሄዷል። እኔ አለሁ።»

በራሴ መኪና ሄጄ አመጣኋቸው። ከመመለሳችን በፊት ለቅሶ ቤት እንግባ ብላቸው እንቢ አሉ። «ያገሩን ሽማግሌ ሁሉ ለቅሶ የማደርስ ሰው፣ የወንድሜን ቀብር ቀርቼ በምን ፊቴ?» አሉኝ። የለቅሶው ሰባት ቀን ሳያልቅ እወስድዎታለሁ አልኩ። ያን ዕለት ራሴን ጠላሁት፤ ቢሆንም ገና ጥፋቴን አላወቅኩትም። ምን ይደረግ፣ እግራቸው ከድቷቸዋል፣ እንደዚያ ነበር የማስበው።

መኪናዋን የሚገዛ ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱን አግኝቼ ነበር። ከወደቡ በር አጠገብ ወዳለው ማቆሚያ አምጥተህ አሳየኝ አለኝ። ለቅሶው በገባ በአራተኛው ቀን፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቴ የሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ወደ መሪው ተጠግቶ፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ ነበር፤ ጉልበቴ አላስገባ አለኝ። ወደ ኋላ ገፋሁት። ስገፋው ከበድ አለኝ፤ ዕድሜ ልኩን ካለበት ተነቃንቆ አያውቅም።

ከሰፈራችን ልወጣ አደባባዩ ላይ ነዳጅ ስሰጣት ለገመች። ተንገዳግዳ ቆመች፣ ከዚያ ተስፈነጠረች። መጀመሪያ ያየሁት እግሬን ነው። ግራ እግሬ ከወንበሩ ሥር ገብቷል። ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ዳገቱ ላይ ደገመችው። ወደቡ መዳረሻ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው በሚጠብቁበት ራምዞር፣ ማለትም የትራፊክ መብራት፣ ቀይ በርቶ ሳለ፣ ከኋላዬ የነበረው ሾፌር ከመኪናው ወርዶ መስኮቴን መታ።

«አሂ፣ ወንድሜ፣ ፍሬኑን ልቀቀው እንጂ» አለኝ። «ከአደባባዩ ጀምሮ የኋላ መብራትህ ቀይ ነው፤ ስትሄድም ቀይ ነው።»

«አልረገጥኩም» አልኩት።

እጁን አወናጭፎብኝ ተመለሰ። አላመነኝም። ሰው እውነት ተናግሮ አለመታመን ምን እንደሚመስል እዚያ ቁጭ ብዬ ቀመስኩት፤ አባቴ ግን «አልረገጥኩም» የሚሉበትን ዕድል እንኳ አልሰጠናቸውም።

ማቆሚያው ጋ ደርሼ የመኪናዋን ኋላ ወደ መጋዘኑ ነጭ ግድግዳ አዙሬ አቆምኳት። ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድኩ። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ላይ ናቸው፤ ግድግዳው ግን ቀይ ነው። በሩን ጠበቅ አድርጌ ስዘጋ ቀዩ ጠፋ። እንደገና ፔዳሉን ረግጬ ስለቅ በራና በዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። መሬት ላይ ተንጋልዬ ራሴን ከመሪው ሥር አስገባሁ፣ የስልኬን መብራት አበራሁ። ከፍሬኑ ፔዳል በላይ አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ስዊች አለች። ጫፏ ላይ ገባ ወጣ የምትል ዘንግ አለቻት። ፔዳሉ ሲያርፍ ዘንጓን ወደ ውስጥ ይጫናታል፤ ሲረገጥ ትወጣለች፣ የኋላው መብራት ይበራል፣ ለኮምፒውተሩም ፍሬን ተረግጧል ተብሎ ይነገረዋል። የአባቴ መኪና ስዊች ውስጧ ደክሞ ተጣብቋል። ፔዳሉ ተለቆም ተረግጧል ትላለች። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ ሲመጡበት ለጥንቃቄ ብሎ ነዳጁን ይቀንሳል። መካኒኩ ያነበበው ትክክል ነበር። የዋሸችው ስዊቿ ናት፣ እሷን ያገዝኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ወደብ ላይ ክሬን በራሱ ሲቆም መጀመሪያ የምንፈትሸው ስዊቹን ነው። ስዊቹ ሳይፈተሽ «ነጂው ነው» ማለት በእኛ ክፍል ነውር ነው፤ ይህንን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የምነግረው ደግሞ እኔ ነኝ። ስሙን ለማላውቀው የክሬን ነጂ የማልነፍገውን ነገር ተሸክሞ ላሳደገኝ ሰው ነፈግሁት። እዚያው ከመሪው ሥር ተንጋልዬ በራሴ ላይ አንድ ያልተሳደብኩት ስድብ የለም። የመኪናዋ ገዢ መጥቶ እግሬን ነካ ነካ ሲያደርገኝ «አትሸጥም» አልኩት። ተቆጥቶ ሄደ፤ እውነቱን ነው።

ከሥራ ስወጣ አዲስ ስዊች ገዛሁ። አሮጌዋን ሩብ ዙር አዙሬ ነቀልኳት፣ አዲሷን እንዲሁ አዙሬ ቀጭ አደረግኳት። አደባባዩን ዞርኩ፣ ዳገቱን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ደግሜ ወጣሁ። አልለገመችም።

አሮጌዋን ስዊች በኪሴ ይዤ ወደ አባቴ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ወለሉ ላይ ነጠላ ጫማቸውን ጎን ለጎን አኑረዋል። ቀኝ እግራቸውን ካንዱ ጫማ ወደ ሌላው ያዛውራሉ። አንዱን ይጫናሉ፣ ይለቃሉ፣ ሌላውን ይጫናሉ። ግራ እግራቸው ከወንበሩ ሥር ዝም ብሏል። በየመሀሉ ጎንበስ ብለው ያዩታል።

«አባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

አልደነገጡም። «እግሬን ልይዘው ነው» አሉኝ። «መቼ ነው የሚያጠፋው ብዬ። ቁልፉን ከሰጠሁ ጀምሮ በየቀኑ አየዋለሁ። እኔ እያየሁት አያደርገውም።»

ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። እንዲህ ያለቀስኩት እናቴ ስታርፍ እንኳ አይመስለኝም። «እግርዎ አይደለም፣ አባ» እያልኩ ስዊቿን በመዳፋቸው አኖርኩላቸው፤ ዘንጓ እንዴት እንደምትወጣና እንደምትገባ አሳየኋቸው። በአውራ ጣታቸው ተጫኗት። ግማሽ መንገድ ገብታ ቀረች።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«እኔ እኮ አምኛችሁ ነበር» አሉ። እኔ ግን የቀረኝን መናገር ነበረብኝ። መካኒኩ ነድተሃታል ወይ ሲለኝ መዋሸቴን ነገርኳቸው።

«ሰምቼሃለሁ።»

«ያኔ ሰምተው ነበር?»

«እዚያው ቆሜ እኮ ነው። ታዲያ ምን ልበል፣ በሰው ፊት ልጄን ዋሸ ልበል?»

ቁልፉን ልሰጣቸው ብዘረጋ አልተቀበሉኝም። በሽማግሌ የወጣ በሽማግሌ ይመለስ አሉ። ለሁለቱ ሽማግሌዎች ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። በማግስቱ ጠዋት፣ በለቅሶው በአምስተኛው ቀን ማለት ነው፣ ከተባለው ሰዓት በፊት መጡ። በዚያ ወር በአውቶቡስ ተንገላተው ስለነበር ቁልፉን ሲያስረክቡ ከአባቴ ይልቅ የእነሱ ፊት በራ። አባቴ ወደ ታች ወርደው ወንበሩን ወደ ቦታው መለሱ፣ መስታወቱን ወለወሉ። ከፊት ማን ይቀመጥ በሚለው እንደገና ግድርድሩ ተጀመረ። እኔ ከኋላ ገባሁ።

ክርያት ጋት ስንደርስ የሟቹ ባለቤት መሬት ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ገና ከበሩ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፣ ቤቱ ሁሉ ተነስቶ አለቀሰ። ረጋ ሲል እኔና አባቴ ከሴትየዋ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሽማግሌዎቹ ከግድግዳው ሥር።

«የቀብሩ ዕለት አጣንዎት» አሉ ሴትየዋ። ወቀሳ አልነበረም፤ ሲፈልጓቸው እንደነበር ነው የነገሯቸው። «ምን አገኛቸው ስንል ነበር።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወለሉን ማየት ጀመሩ።

«መኪናዬ ታማብኝ ነበር» አሉ አባቴ። «ሰው ያላገኘውን ሕመሟን ይሄ ልጄ መርምሮ አገኘላት። ዛሬም ያደረሰኝ እሱ ነው።»

አይደለም፣ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። የአባቴ እጅ ጉልበቴ ላይ አረፈና ጫን አለኝ። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞሩ፤ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ተባረክ ልጄ» አሉኝ። «ለአባትህ እንዳደረግህላቸው ልጆችህ እንዲሁ ያድርጉልህ።»

ሲመረቁ አሜን ማለት ግድ ነው። ሰዉ ሁሉ ይጠብቀኛል፣ የአባቴም እጅ ከጉልበቴ አልተነሳም። አሜን አልኩ።